እሑድ በላኪ ፕላዛ፦ በሲንጋፖር የፊሊፒንስ ምግብ ቤቶች ረድፍ አመጣጥ

በሲንጋፖር እምብርት የሚያልፈው ኦርቻርድ መንገድ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ግራና ቀኙን ይዘው ከነበሩት የገውዝ፣ የቁንዶ በርበሬና የፍራፍሬ እርሻዎች ሲሆን፣ ገውዙን በ1850ዎቹ በሽታ ካጠፋው በኋላ አካባቢው ለመኖሪያ ቤቶችና ለመቃብር ስፍራዎች ተትቶ ለረጅም ጊዜ ከከተማዋ ዋና ገበያ ውጪ ቆየ። ከቻይና መጥቶ በቆርቆሮ ሣጥን ጨርቃ ጨርቅ በማዞር ንግድ የጀመረው ታንግ ቹን ኬንግ በ1958 ታላቅ መደብሩን ከቻይናውያን መቃብር ፊት ለፊት ሲከፍት፣ ሟቾች በሚያርፉበት ሰፈር ሱቅ መክፈት ገድ የለውም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ መንገዱ በሆቴሎችና በገበያ ማዕከሎች ተሞልቶ የአገሪቱ የቱሪስት መናኸሪያ ሆነ፤ በ1978 ሥራ የጀመረው ላኪ ፕላዛም የተተከለው ከዚሁ ከታንግ መደብር አጠገብ ነው።

ሕንፃው ሲታሰብ የፊሊፒንስ ምግብ በማንም አእምሮ አልነበረም። ፋር ኢስት ኦርጋናይዜሽን የተባለው የሪል እስቴት ኩባንያ የገነባው ለአገር ጎብኚው ሲሆን፣ ከታች ባሉት ፎቆች ሱቆችን፣ ከላይ ደግሞ የመኖሪያ ማማን የያዘው ይህ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ አየር ማቀዝቀዣ ከተገጠመላቸው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ባለብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከሎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ሰዎች ለማየት ብቻ ይመጡበት የነበረ በመስታወት የተሠራ አሳንሰርም ነበረው። ለኋላ ታሪኩ ወሳኝ የሆነው ግን አሳንሰሩ ሳይሆን የባለቤትነቱ ሥርዓት ነው። ሲንጋፖር በ1967 ባወጣችው ሕግ አንድ ሕንፃ በክፍል ተከፋፍሎ ለየብቻ እንዲሸጥ ስለፈቀደች፣ የላኪ ፕላዛ ሱቆች፣ የኮንዶሚኒየም ቤቶች እንደሚሸጡት ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የባለቤትነት ማስረጃ ወጥቶላቸው ለብዙ ሰዎች ተሸጡ። በአንድ ኩባንያ እጅ ያለ የገበያ ማዕከል ተከራዮቹን እየመረጠ የሕንፃውን ገጽታ ይቀርጻል፤ የትኛው ፎቅ ለጫማ፣ የትኛው ለሽቶ እንደሚሆን የሚወስን አንድ ቢሮ አለው። በላኪ ፕላዛ እንዲህ ያለ ወሳኝ አካል አልነበረም። ካሜራ ይሸጥበት የነበረ ሱቅ ገበያው ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ ኪራይ ለሚከፍለው ለማንም ሊሰጠው ይችል ስለነበር፣ ሕንፃው ውድ በሆነው መንገድ ላይ እየኖረ ለአነስተኛ ነጋዴ በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ።

በእነዚሁ ዓመታት በማኒላ ሌላ ነገር እየተዘጋጀ ነበር። ፕሬዚዳንት ፌርዲናንድ ማርቆስ በመስከረም 1972 ወታደራዊ አስተዳደር ካወጁ በኋላ በተከተለው ዓመት የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና ሥራ አጥነት አገሪቱን ሲያስጨንቁ፣ በሌላ በኩል የነዳጅ ሀብት ያደለባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሰው ኃይል ይፈልጉ ነበር። በ1974 የወጣው የፊሊፒንስ የሠራተኛ ሕግ ዜጎችን ወደ ውጭ ለሥራ መላክን የመንግሥት ፖሊሲ አደረገው። መንገዱ የተጠረገው ለጊዜያዊ ችግር ጊዜያዊ መፍትሔ ተብሎ ነው፤ ግን ልጆችን ማስተማሩ፣ የቤተሰብን መሬት ከዕዳ ማውጣቱ፣ ጣሪያውን ከሣር ወደ ቆርቆሮ መለወጡ ሁሉ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ ሲመሠረት ጊዜያዊው ቋሚ ሆነ። መጀመሪያ የወጡት በአብዛኛው የግንባታ ሠራተኞችና መርከበኞች ወንዶች ነበሩ። የእስያ ከተሞች ግን የፈለጉት ሴቶችን ነበር።

ሲንጋፖር በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎቿን ለመሙላት የራሷን ሴቶች ከቤት ወደ ደመወዝ ሥራ እየጠራች ስለነበር፣ የቤቱን ሥራ የሚረከብ ሰው አስፈለጋት። ላኪ ፕላዛ በተከፈተበት በዚያው በ1978 መንግሥት ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካና ከታይላንድ የቤት ሠራተኞች እንዲገቡ የሚፈቅድ ሥርዓት ዘረጋ። ሠራተኛዋ የምትገባው ከአንድ አሠሪ ጋር በታሰረ የሥራ ፈቃድ ሲሆን፣ አሠሪው የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል፤ ከ1984 ጀምሮም በየወሩ ለመንግሥት የሚከፈል ቀረጥ ተጣለበት። እርሷ በአሠሪዋ ቤት የመኖር ግዴታ ነበረባት፤ በየስድስት ወሩ የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት ነበር፤ የአገሪቱ አጠቃላይ የሥራ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኛን ስለማይጨምር የሳምንት ዕረፍቷ በአሠሪው በጎ ፈቃድና በውሏ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ይህ የሕግ ዝርዝር ከምግብ ታሪክ የራቀ ቢመስልም የምግብ ቤቶቹ ረድፍ የተወለደው ከዚሁ ነው። በሌሎች አገሮች የሚኖር ስደተኛ የአገሩን ምግብ ሲናፍቅ በተከራየው ክፍል ምድጃ ላይ ያበስላል፤ ጓደኞቹንም ወደ ቤቱ ይጠራል። በሲንጋፖር ያለችው ፊሊፒናዊት ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስታበስል ውላ የራሷ ምድጃ የላትም። የምታበስለው የቻይናውያንን ሾርባ ወይም የሕንዶችን ወጥ ነው፤ ማእድ ቤቱም የሌላ ሰው ነው፤ ደረቅ ዓሣ ብትጠብስ ሽታው ጎረቤት ድረስ ስለሚሄድ አትደፍረውም። እንግዳ የምትቀበልበት ክፍል ቀርቶ በሩን የምትዘጋበት ክፍል የሌላት ብዙ ናት። ስለዚህ ምግብ ቤቱ ለእርሷ የመዝናኛ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት ቤት ሆኖ አገለገለ።

ከሁሉ ሕንፃ ላኪ ፕላዛ የተመረጠበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የፊሊፒንስ ኤምባሲ የሚገኘው ከኦርቻርድ ብዙ በማይርቀው በናሲም መንገድ ላይ ነው፤ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትም በአውቶቡስ ቅርብ ናቸው፤ በታህሳስ 1987 የኦርቻርድ የምድር ባቡር ጣቢያ ሲከፈት ከየሰፈሩ የሚመጡት መንገዶች ሁሉ በሕንፃው ደጃፍ ተገናኙ። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን የሳበው ገንዘብ መላኪያው ነው። የማርቆስ መንግሥት በ1982 ባወጣው ትእዛዝ የውጭ ሠራተኞች ከገቢያቸው፣ እንደ ሥራው ዓይነት ከ50 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነውን በባንክ በኩል ወደ አገር እንዲልኩ አስገደደ፤ በሆንግ ኮንግ የሚኖሩ ፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞች ተደራጅተው ተቃወሙት፤ ቅጣቱም በ1985 ተነሣ። ትእዛዝ ኖረም አልኖረ ሴቶቹ ይልኩ ነበር። በላኪ ፕላዛ ጠባብ ሱቆች ውስጥ የሐዋላ ድርጅቶች ተደርድረው ከፈቱ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረፋው ከሱቁ ወጥቶ በኮሪደሩ ይዘልቅ ነበር።

ወረፋ የቆመ ሰው ይርበዋል። የረድፉ አመሠራረት ቅደም ተከተል በአጭሩ ይህ ይመስላል፤ መጀመሪያ ገንዘብ መላኪያው፣ ቀጥሎ «ባሊክባያን» የሚባለውን፣ ማለትም ለቤተሰብ በልብስ፣ በሳሙናና በታሸገ ምግብ ተሞልቶ በመርከብ የሚላከውን ትልቅ ካርቶን የሚቀበሉ ጭነት አስተላላፊዎች፣ ከዚያ የስልክ ካርድና የአገር ቤት ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች፣ በመጨረሻም ምግቡ። እያንዳንዱ ንግድ ቀድሞት የመጣው በሰበሰበው ሰው ላይ ቆመ።

ይህ መልክ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም። በቤይሩት ዳር በሚገኘው በዶራ ሰፈር እሑድ እሑድ ኢትዮጵያውያትና ፊሊፒናውያት የቤት ሠራተኞች በአንድ ጎዳና ይገናኛሉ፤ እንጀራ የሚቀርብበት ቤት፣ የፊሊፒንስ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅና የሐዋላ መስኮት ጎን ለጎን ሆነው እዚያም የተሰደሩት በዚያው በዕረፍት ቀን ዙሪያ ነው። በሲንጋፖር የተለየው ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ የሆነው በከተማዋ ዳርቻ ሳይሆን እጅግ ውድ ኪራይ በሚከፈልበት መንገድ ላይ መሆኑ ነው።

በላኪ ፕላዛ የተከፈቱት ቤቶች የአቀራረባቸውን ሥርዓት ይዘው የመጡት ከማኒላ ነው፤ እርሱም የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በፊሊፒንስ በገንዘብ ምግብ መግዛት በብዛት የተለመደው በቻይናውያን እጅ ሲሆን፣ ስፔናውያን በ1594 በማኒላ ለክርስቲያን ቻይናውያን በመሠረቱት በቢኖንዶ ሰፈር ውስጥ «ፓንሲት» የሚባለው የተጠበሰ ወይም በሾርባ የሚቀርብ ኑድል ይሸጥ ነበር፤ እነዚህ ቤቶች ፓንሲቴሪያ ተባሉ። ሆሴ ሪዛል በ1891 ባሳተመው «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» በተባለው ልብ ወለዱ ተማሪዎች በአንድ ፓንሲቴሪያ ተሰብስበው የቀረበላቸውን እያንዳንዱን ምግብ ለባለሥልጣናትና ለመነኮሳት በፌዝ ሲያበረክቱ ያሳያል፤ ምግብ ቤት የፖለቲካ ወሬ ማዕከል መሆኑ ያኔም የታወቀ ነበር ማለት ነው። የፊሊፒናውያን የራሳቸው የቤት ወጥ ግን ለብዙ ጊዜ ሰው ተቀምጦ ለመብላት ገንዘብ የሚያወጣበት ምግብ ተደርጎ አልታየም። ኤንግራሲያ ክሩዝ ሬየስ በ1936 ከተሽከርካሪ ላይ በምትሸጠው ምግብ የጀመረችውና በኋላ አሪስቶክራት በሚል ስም የታወቀው ምግብ ቤት አዶቦ የተባለውን የቤት ወጥ በዳቦ አድርጎ በመሸጡ የሚነገርለት፣ የቤት ምግብን ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል በመሆኑ ነው።

ከእነዚህ በታች፣ በየገበያውና በየመንገዱ ዳር፣ ካሪንዴሪያ የሚባለው የተራው ሰው ምግብ ቤት አለ። በካሪንዴሪያ የምግብ ዝርዝር አይቀርብም። ጠዋት የበሰለው ሁሉ በድስት ወይም በትሪ ከመስታወት ጀርባ ይደረደራል፤ በላተኛው በጣቱ ያመለክታል፤ ሩዝ በሳህን ይጨለፍለታል፤ ያመለከተው ወጥ በላዩ ወይም በጎኑ ይደረግለታል። ይህ አቀራረብ «ቱሮ ቱሮ» ይባላል፤ ወደ ላኪ ፕላዛ የተሻገረውም እርሱ ነው። ለቦታው የተስማማበትን ምክንያት ማየት አያዳግትም። የእሑድ እንግዳ ሰዓቷ የተቆጠረ ነው፤ ማታ አሠሪዋ ቤት መገኘት አለባት፤ ምግቡ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ አትዘገይም። ሁለተኛም ዋጋውን ከማዘዟ በፊት ታውቃለች፤ አንድ ወጥ በሩዝ ይበቃታል ወይስ ሁለት ትጨምር የሚለውን ዓይኗ እያየ ትወስናለች። ለባለቤቱም የሥርዓቱ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ጠባብ ሱቅ፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ አስቀድሞ የተሠራ ምግብና ፈጣን የወንበር ቅብብል ከኦርቻርድ ኪራይ ጋር ሊስማማ የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነበር። አስተናጋጇ «አቴ» ወንዱም «ኩያ» ተብለው ይጠራሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ እትዬና ጋሼ እንደሚለው የማያውቁትን ሰው በታላቅ እህትና በታላቅ ወንድም ስም መጥራት ነው።

ከመስታወቱ ጀርባ የሚታየው ነገር ራሱ ሊነበብ የሚገባው ነው። አዶቦ በኮምጣጤ፣ በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ቀስ ብሎ የሚበስል የዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ ሲሆን፣ ኮምጣጤው ከመበላሸት ስለሚጠብቀው ከቀን ወደ ቀን ይጣፍጣል፤ ለቱሮ ቱሮ ትሪ ከእርሱ የሚሻል የለም። ሲኒጋንግ በሁመር የሚጎመዝዝ የሥጋ ወይም የዓሣ ሾርባ ነው። ካሬ ካሬ የበሬ ጅራትና ጨጓራ በኦቾሎኒ መረቅ ተሠርቶ፣ በጨው ከፈላ የሽሪምፕ ድልህ ጋር የሚቀርብ ሲሆን፣ ያለዚያ ድልህ ሊበላ አይታሰብም። ዲኑጉዋን በአሳማ ደም ስለሚበስል የውጭ ሰው ይሸሸዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያመለክትበታል። ሲሲግ ከአሳማ ጭንቅላት ሥጋ ተከትፎ በጋለ ብረት ሳህን የሚቀርብ ነው፤ በፓምፓንጋ ግዛት በአንጀለስ ከተማ በ1970ዎቹ ሉሲያ ኩናናን የአሁኑን መልኩን እንደሰጠችው ይነገራል። ለቁርስ የሚሆነው ታፕሲሎግ ደግሞ በቅመም ተዘፍዝፎ የደረቀ ሥጋ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሩዝና እንቁላል ነው።

በአገር ቤት እነዚህ ምግቦች ሁሉ በአንድ ገበታ አይገኙም፤ የኢሎካኖ፣ የፓምፓንጋ፣ የቢኮልና የቪሳያ ሰው እያንዳንዱ የየራሱ ማእድ ቤት አለው፤ በአንዱ ደሴት የሚኮራበትን ሌላው ላያውቀው ይችላል። በላኪ ፕላዛ አንድ ነጋዴ ከሁሉም ደሴት ለመጣ ደንበኛ መሸጥ ስለነበረበት የሁሉንም ወጥ በአንድ መስታወት ጀርባ አሰለፈ፤ ብሔራዊ የሚባለው የፊሊፒንስ ምግብ፣ ከአገሩ ይልቅ በስደት ቶሎ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱን የሚያስታርቀው «ሳውሳዋን» ነው፤ ይኸውም በላተኛው በየጠረጴዛው ካለው ኮምጣጤ፣ የዓሣ መረቅ፣ ሚጥሚጣና ካላማንሲ ከተባለው ትንሽ ሎሚ እየቀላቀለ የራሱን ማጥቀሻ የሚያዘጋጅበት ልማድ ነው። የፊሊፒንስ የምግብ ታሪክ ጸሐፊዋ ዶሪን ፌርናንዴዝ ከውጭ የመጣ ምግብ በአገሬው ልማድና ምላስ እንዴት አገራዊ እንደሚሆን አጥብቃ ያጠናችው ጉዳይ ነው፤ የምግቡ የመጨረሻ ጣዕም በአብሳዩ ሳይሆን በበላተኛው እጅ መቅረቱ የዚህ አንዱ መልክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ምላስ ለመረጠው ጣዕም ስታበስል ለምትውል ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕንፃው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለቱሪስቱ የካሜራ፣ የሰዓት፣ የሽቶና የሻንጣ መደራደሪያ ሆኖ ቀጥሏል፤ የዋጋ ጭቅጭቁም ስሙን አላሳመረውም። አዳዲስ ሞሎች በዙሪያው ሲነሡ፣ በተለይም ከመንገዱ ማዶ ንጊ አን ሲቲ በ1993 ሲከፈት፣ ባለገንዘቡ ሸማች ወደዚያ አዘነበለ። በላኪ ፕላዛ የተለቀቀውን ቦታ እየሞሉ የመጡት ፊሊፒናውያንን የሚያገለግሉ ንግዶች ናቸው።

በዚህ መካከል ሁለቱን አገሮች ያናወጠ ጉዳይ ተፈጠረ። ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ፣ ሌላዋን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ዴሊያ ማጋንና ማጋ ትጠብቀው የነበረውን ሕፃን በ1991 ገድላለች ተብላ ተፈርዶባት በማርች 17 ቀን 1995 በሲንጋፖር ተሰቀለች። በማኒላ ብዙዎች ጥፋተኛ አይደለችም ብለው ያምኑ ስለነበር ቁጣው መንገድ አጥለቀለቀ፤ የፊዴል ራሞስ መንግሥት አምባሳደሩን ጠራ፤ ወደ ሲንጋፖር የሚደረገው ጉዞም ለጊዜው ታገደ። በጁን 1995 የፊሊፒንስ ምክር ቤት ያወጣው የስደተኛ ሠራተኞች ሕግ የዚህ ቁጣ ውጤት ነው። ጉዞው ግን ብዙ ሳይቆይ ቀጠለ። ከዚህ ሁሉ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ፕሬዚዳንት ኮራሶን አኪኖ በሆንግ ኮንግ ለቤት ሠራተኞች ባደረጉት ንግግር የዘመኑ ጀግኖች ብለዋቸው ነበር፤ ጀግንነቱ በሐዋላ የሚለካ መሆኑን ተቺዎች ያኔም አልሸሸጉም።

ከ2000 በኋላ የረድፉ ደንበኛ በቁጥርም በኪስም ተለወጠ። ፊሊፒንስ በ2006 ባደረገችው ማሻሻያ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 400 የአሜሪካ ዶላር እንዲሆን ወሰነች፤ ተቀባይ አገሮች ሁሉ ባያከብሩትም መደራደሪያ ሆነ። ነርሶች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎችና የሱቅ ሠራተኞችም በብዛት መጡ፤ እነርሱ የራሳቸውን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ስለሆኑ ወደ ላኪ ፕላዛ የሚመጡት በሌሎች ቀናትም ነበር። በሲንጋፖር ያሉት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች፣ ፊሊፒናውያንና ኢንዶኔዥያውያን የሚበዙባቸው፣ በ2010 ከ200,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ በ2019 ደግሞ ወደ 260,000 ተጠጉ።

ለምግብ ቤቶቹ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ትልቁ ለውጥ የመጣው በሕግ ነው። በ2012 ታውጆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በወጡና በታደሱ የሥራ ፈቃዶች ላይ የጸናው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሰጠ። ደንቡ ቀዳዳ ነበረው፤ ሠራተኛዋ ከተስማማች አሠሪው ዕረፍቱን በገንዘብ ሊለውጠው ይችል ነበር፤ የበላይና የበታች ስምምነት ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ደግሞ መገመት አይከብድም። ቢሆንም እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከችሮታ ወደ መብት ተሻገረ። በዚያው ዓመት ጆሊቢ በላኪ ፕላዛ ከፈተ። ቶኒ ታን ካክቲዮንግ በ1975 በማኒላ አካባቢ በኩባኦ ከከፈተው የአይስክሬም ቤት የተነሣው ይህ ኩባንያ በ1985 በሲንጋፖር ለመሥራት ሞክሮ በአጭሩ ወጥቶ ነበር፤ ያኔ ያልነበረው ገበያ በ2013 እየጠበቀው ስለነበር ለተጠበሰ ዶሮውና ጣፋጭ ለሆነው ስፓጌቲው ረጅም ወረፋ ተቆመ። አነስተኛዎቹ ቤቶች በዚህ አልጠፉም፤ ጆሊቢ ዲኑጉዋንና ደረቅ ዓሣ አይሸጥም።

በተከታዩ ዓመት የሆነው ነገር ረድፉ በከተማዋ ውስጥ ያለውን ቦታ በደንብ ያሳያል። በሲንጋፖር የሚኖሩ ፊሊፒናውያን የአገራቸውን የነፃነት ቀን በጁን 2014 በንጊ አን ሲቲ አደባባይ ለማክበር ሲያቅዱ በኢንተርኔት ከባድ ተቃውሞና ስድብ ተነሣባቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ሲየን ሎንግ ተሳዳቢዎቹን ቢያወግዙም አዘጋጆቹ በዓሉን ሰረዙ። አደባባዩ ከላኪ ፕላዛ መንገድ ተሻግሮ የሚገኝ ነው። ለዓመታት በዚያው መንገድ ላይ በሺዎች ሲሰበሰቡ ያልተነሣው ተቃውሞ ባንዲራ ሲታሰብ መነሣቱ፣ የመብያና የመገበያያ ስብሰባ የታገሠችው ከተማ የክብረ በዓል ስብሰባን ለመታገሥ ዝግጁ አለመሆኗን የሚያመለክት ነው። ምግብ ቤቶቹን ያቆያቸው ምናልባት ንግድ ብቻ መስለው መታየታቸው ይሆናል።

በዲሴምበር 29 ቀን 2019፣ በእሑድ፣ አንድ መኪና በሕንፃው አጠገብ ካለው ነትሜግ መንገድ የእግረኛ መሄጃ ላይ ወጥቶ አጥር ጥሶ ሲወድቅ ተሰብስበው የነበሩ ስድስት ፊሊፒናውያን ሴቶችን መታ፤ ሁለቱ ሞቱ፤ አራቱ ቆሰሉ። የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ብዙ ሴቶች ከምግብ ቤት የገዙትን ወይም ተከፋፍለው ያመጡትን ምግብ በሕንፃው ዙሪያ በምንጣፍና በካርቶን ላይ ዘርግተው ይበሉ የነበረው ውስጡ ሁሉን ስለማይችል፣ እንዲሁም ጠረጴዛ ለቀኑ ሙሉ መያዝ ስለማይቻል ነው፤ አደጋው ያ የእግረኛ መሄጃ የረድፉ አንድ ክፍል እንደነበር እስከዚያን ጊዜ ላላስተዋለ ሁሉ አሳየ።

ብዙ ሳይቆይ ኮቪድ መጣ። ከኤፕሪል 7 ቀን 2020 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ደንበኛ አስቀምጠው እንዳያበሉ ተከለከሉ፤ ክልከላው የተነሣው በጁን አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ከኦገስት 29 ጀምሮ ደግሞ ባለሥልጣናቱ ለላኪ ፕላዛና የምያንማር ሰዎች ለሚሰበሰቡበት ለፔኒንሱላ ፕላዛ የተለየ ደንብ አወጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሕንፃው የሚገባ ሰው የመታወቂያው የመጨረሻ ቁጥር ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑ ከቀኑ ቁጥር ጋር መግጠም ነበረበት። የሠራተኛ ሚኒስቴሩም አሠሪዎች የዕረፍቱን ቀን ከእሑድ ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውሩ መከረ። በአንድ ቀን ገቢ ሳምንቱን የሚደጉም ቤት፣ ያ ቀን ለሁለት ሲከፈል የሚደርስበት ግልጽ ነው። በዚያው ሰሞን ገንዘብን በስልክ መላክ እየተስፋፋ መጣ፤ ቀድሞ ሰውን ወደ ሕንፃው ያመጣው የሐዋላ ወረፋ አስፈላጊነቱ ሲቀንስ ምግቡ ያለ ወረፋው ራሱን ችሎ እንዲስብ ተገደደ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ እያንዳንዷ የቤት ሠራተኛ በወር ቢያንስ አንድ በገንዘብ ሊለወጥ የማይችል የዕረፍት ቀን እንድታገኝ ታዘዘ፤ ለረድፉ ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ግን ሌላ ነገር ታየ። በ1973 የተጠናቀቀውና በታይላንድ ምግብ ቤቶቹ ትንሿ ታይላንድ እስከመባል የደረሰው ጎልደን ማይል ኮምፕሌክስ፣ በ2022 በ700 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር በአንድነት ከተሸጠ በኋላ ተከራዮቹ ለቀው ወጡ፤ ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቦ ስለነበር ግንቡ ሲተርፍ ምግብ ቤቶቹ ተበተኑ። ላኪ ፕላዛም የሚተዳደረው ሕንፃን በክፍል መሸጥን በፈቀደው በዚያው በ1967 ሕግ ነው። በ1999 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት አሥር ዓመት ያለፈው በክፍል የተሸጠ ሕንፃ በጅምላ እንዲሸጥ ከባለቤትነት ድርሻው 80 ከመቶውን የያዙ ሰዎች ስምምነት ይበቃል። ለአነስተኛ ነጋዴ በር የከፈተው የብዙ ባለቤትነት ሥርዓት ይህን ያህል ድምፅ ማሰባሰብን አስቸጋሪ ስለሚያደርገው እስካሁን ለምግብ ቤቶቹ ከለላ ሆኗቸዋል፤ አብዛኞቹ ተከራዮች በመሆናቸው ግን ድምፁ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ የሚቆጠር ድርሻ የላቸውም።